መሶቡ ዙሪያ የተቀመጠው ምስጢር

(በሐዋሳ፣ ታቦር ለፊልም ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር)



ወደ ታቦር ስትጠሩኝ ርእሱን የመረጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ። «የቤተሰብ ምስጢርና ሙስና የሚገናኙበት ፖለቲካዊ ልብ አንጠልጣይ ፊልም እኛ አገር እንዴት ይሠራ?» አላችሁኝ። ጥያቄው የብዙ ጊዜ ጥያቄዬ ስለሆነ ሳላቅማማ መጣሁ። በመጀመሪያ ስለ ራሳችን ፊልሞች እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ሁለት የውጭ ፊልሞችን እናያለን፤ ከዚያ ወደ ገዛ አገራችን መዝገብ እንመለሳለን። መጨረሻ ላይ ለመጻፍ ለተዘጋጃችሁት የምነግራችሁ አንዳንድ የሥራ ነገር አለኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ፤ ማታውን ሙሉ ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ያዙልኝ። ሙስና የሚፈጸመው ቢሮ ውስጥ ነው፤ የሚኖረው ግን ቤት ውስጥ ነው። ፊርማው ቀን ይፈረማል፣ ገንዘቡ ማታ ቤት ይገባል። ልጅ ይማርበታል፣ እናት ትታከምበታለች፣ ሠርግ ይደገስበታል። አንድ ሹም ብቻውን ሊሰርቅ ይችል ይሆናል፤ ብቻውን ደብቆ መኖር ግን አይችልም። ሲገባ የማይጠይቀው ቤት ያስፈልገዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል አብዛኞቻችን የሰማነው ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ቤታችን ቁጭ ብለን፣ ከምንወዳቸው ሰዎች አፍ ነው።

ይህን ሕጉም ያውቀዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ሀብት የማሳወቅና የማስመዝገብ አዋጅ ተሿሚው የራሱን ሀብት ብቻ አስመዝግቦ እንዲሄድ አይፈቅድለትም፤ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ሀብት ጭምር ማሳወቅ አለበት። የሙስና ወንጀል ሕጋችንም ከሕጋዊ ገቢው በላይ የሚኖረውን የመንግሥት ሠራተኛ ምንጩን አስረዳ ይለዋል። ግን አስቡት። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ለሚስትና ለትንንሽ ልጆች ቦታ አለ። ለሚስት ወንድም፣ ለአጎት ልጅ፣ ለክርስትና ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ በረንዳ ላይ ለሚያድረው ዘመድ ቦታ የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤተሰብ ማለት እነዚህ ሁሉ ናቸው። ቅጹ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የእናንተ ፊልም ይጀምራል።

ወደ ፊልሞቻችን ልለፍ። የአማርኛ ፊልም ገና ሲወለድ በቤተሰብ ምስጢር ነው የተወለደው። ኢላላ ኢብሳ ያሠሩት፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጁትና በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። በየሰፈሩ በሹክሹክታ የሚጠየቀውን ጥያቄ ነው ርእስ ያደረገው። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ፤ የዛሬው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። «ጉማ» ስለ ደም መመላለስ ነው፤ አባት ያጠፋው ልጅን የሚያሳድድበት ዓለም ነው። እዚህ ሁለት ፊልሞች ላይ ቤቱ አለ፤ ቂሙም ምስጢሩም አለ። መንግሥት ግን ገና ወደ ቤቱ አልገባም።

መንግሥት ወደ ቤት ሲገባ የጻፈው ፊልም ሠሪ አልነበረም፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ አየ፤ ያየውን በ«ኦሮማይ» ጻፈው። ሥለላ፣ ፍቅር፣ ሥልጣን፣ ክህደት፣ ሁሉም አለበት፤ በእኔ ግምት በአማርኛ ከተጻፉት ፖለቲካዊ ልብ አንጠልጣይ ታሪኮች ቀዳሚው እሱ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። «አባቷ ማነው?» የሚለው ፊልም በታየ በሃያ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ «አባታችን የት ነው?» የሚሉ ልጆች የሞሉባት አገር ሆና ነበር። የመንግሥት ምስጢር የቤት ምስጢር የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውየውን የወሰዱት ሰዎች ያውቃሉ፤ ቤቱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወንበር ባዶ አድርጎ ይኖራል።

ኃይሌ ገሪማ ያንን ዘመን በ«ጤዛ» መለሰልን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ። ጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰው አንበርብር እናቱ ቤት ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ የለም፤ የደረሰበትን ተመልካቹ የሚሰማው በቁርጥራጭ ትዝታ ነው። አንድ ነገር አስተውሉበት፤ ትልቁ የአገር ታሪክ የሚፈታው እናቱ ምድጃ አጠገብ ነው። «ጤዛ» የደምና የትዝታ ፊልም እንጂ የገንዘብ ፊልም ስላልሆነ ዛሬ ከዚህ በላይ አልሄድበትም። አሠራሩን ግን ማንም ወጣት ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ሊያጠናው ይገባል።

ገንዘቡስ? ገንዘቡ የመጣው በቴሌቪዥን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት «ሰው ለሰው» በሚታይበት ሰዓት ቡና ቤቶች ጸጥ ይሉ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በአደባባይ የተከበረ ባለሀብት፣ በጓዳ ወንጀለኛ ነበር። አጻጻፉም ትወናውም ትልቅ ሥራ ነው፤ ስለ ሙስና ያለንን ስሜት ወደ ሳሎናችን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። አስናቀን በጣም ጠላነው፤ ጠልተነው ስንጨርስ ደግሞ እፎይ ብለን ተኛን። ክፉው ሰው ማያ ገጹ ላይ ነበር፤ እኛ ሶፋው ላይ ነበርን። እኔ የምመኘው ፊልም ተመልካቹን ከሶፋው የሚያስነሣ ነው። በየትኛው ገንዘብ የተገዛ ሶፋ ላይ ነው የተቀመጥኩት ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርግ።

አሁን ሁለተኛው ክፍል፤ ሁለት የውጭ ፊልሞች። ብዙ ልጠራ እችል ነበር፤ ሁለት የመረጥኩት ሁለቱም ቢሮውንና ቤቱን በአንድ ቁልፍ ስለሚከፍቱ ነው።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ቻይናታውን» ነው። ሮማን ፖላንስኪ አዘጋጀው፤ ሮበርት ታውን ለጽሑፉ ኦስካር ተሸለመበት። ታሪኩ በ1930ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ድርቅ ነው፤ ግን ሌሊት ሌሊት ውሃ በድብቅ ይፈስሳል። አንድ የግል መርማሪ ውሃው የት እንደሚሄድ ሲከታተል መሬት ላይ ይደርሳል፤ ሸለቆው በርካሽ እየተገዛ ነው። ማን ገዛው ብሎ መዝገብ ቤት ሲገባ የሚያገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ስም ነው። እነሱ ምንም አያውቁም። ስማቸው ብቻ ተወስዷል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ሀብታም ሽማግሌ ደግሞ በገዛ ልጁ ላይ የፈጸመው ነውር አለ፤ መርማሪው የውሃውን ምስጢር ሲፈታ የቤቱም ምስጢር አብሮ ይፈታል። በዘመድ ስም የተመዘገበ ቤትና መኪና ለማያውቅ አዳራሽ ይህ ፊልም የሩቅ ታሪክ ይሆን ነበር። ለእኛ ግን የሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአርጀንቲናው የሉዊስ ፑዌንሶ ፊልም ነው፤ «ይፋዊው ታሪክ» ልንለው እንችላለን። የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን አግኝቷል። አሊሲያ የታሪክ መምህርት ናት። ባሏ ከወታደራዊው መንግሥት ሰዎች ጋር የሚሠራ ባለገንዘብ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ አላቸው፤ ባልየው ነው በጉዲፈቻ ብሎ ያመጣት። ከስደት የተመለሰች ጓደኛዋ እስር ቤት ውስጥ ስለተወለዱና ለሹማምንት ስለታደሉ ሕፃናት ትነግራታለች። ከዚያች ማታ ጀምሮ አሊሲያ መጠየቅ ትጀምራለች፤ ልጄ የማን ልጅ ናት? ፊልሙ ውስጥ አንድ የቤተሰብ ምሳ አለ። የባልየው አባትና ወንድም ገበታ ላይ ተቀምጠው አገር ሲደኸይ አንተ እንዴት ከበርክ ብለው ይፋጠጡታል። ጥይት የለም፣ ማሳደድ የለም፤ ግን ከማንኛውም የመኪና ማሳደድ በላይ ልብ ያንጠለጥላል። ልጅቷን የሰረቀው እጅና ገንዘቡን የሰረቀው እጅ አንድ መሆኑን ያን ምሳ ላይ እናያለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም አርጀንቲናና እኛ ከምናስበው በላይ ቅርብ ነን። በዚያ ወታደራዊ መንግሥት ዘመን ጠፍተው የቀሩ ወጣቶችን አጽም ለመለየት የተቋቋመው የአርጀንቲና ባለሙያዎች ቡድን፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ የቀይ ሽብር የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ አገራችን ድረስ መጥቶ ሠርቷል። አጽሙን ከሞላ ጎደል በአንድ መንገድ አወጣን፤ ፊልሙን ግን እነሱ ሠሩ፣ እኛ ብዙም አልሠራንም። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት ፎቶግራፎች የቤተሰብ ፎቶግራፎች መሆናቸውን ያስተውላል። ከአልበም የወጡ ናቸው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የወጣበት ቤት አንድ የፊልም ታሪክ አለው።

ሦስተኛው ክፍል የራሳችን መዝገብ ነው። ጸሐፊዎች «ታሪክ ከየት እናምጣ?» ሲሉ ስሰማ ይገርመኛል።

በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ወርቅ ሲመረመር ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኘ። ካዝናው ሲፈተሽ ሌላም ተገኘ። ነጋዴዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ጥራት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ተያዙ፤ ወሬው ወራት ሙሉ የአገር መነጋገሪያ ነበር። እኔ ስለ ተያዙት ሰዎች ጥፋት እዚህ አልናገርም፤ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የጸሐፊን ሥራ ግን ልንገራችሁ። አንድ ምናባዊ ሰው አስቡ። ብረት መሆኑን እያወቀ «ወርቅ ነው» ብሎ ፈረመ። በዚያ ማታ ቤቱ ገባ። ሚስቱ «እንዴት ዋልክ?» አለችው። «ደህና» አላት። ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ወረቀት ይዞ መጣ። ይኼ ነው ትዕይንቱ። ካዝናውን የሚያሳይ ካሜራ ሞልቷል፤ ያንን «ደህና» የሚያሳየን ካሜራ ነው የጠፋው።

ሌላው ከበድ ያለ ነው። በ1993 ዓ.ም. የገዢው ፓርቲ አመራር ለሁለት ከተሰነጠቀ በኋላ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ወንድሞቻቸውን ጨምሮ የቤተሰባቸው አባላትም ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲፈቱ አዘዙ፤ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ሕጉም ተሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳይኖረው ተደረገ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ ታሰሩ። ዳኛዋም ቆይተው በፖለቲካ ራሳቸው ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በ2005 ደግሞ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ ታሰሩ፤ በ2010 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምወስደው አንድ የአጻጻፍ ትምህርት አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። በአገራችን ሙስናን የሚነካ ጸሐፊ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ እጁ መያዝ አለበት። «ሰረቀ ወይ?» የሚለው አንዱ ነው። «ለምን ዛሬ ተያዘ?» የሚለው ሌላው። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ፊልም የመሥሪያ ቤት ማስተማሪያ ይሆናል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ፊልም ለሌባው ጥብቅና ይቆማል። ሁለቱን አብሮ የያዘ ግን ተመልካቹን እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ምክንያቱም ሰውየው ሌባም ሆኖ የፖለቲካ ሰለባም ሊሆን ይችላልና። ቤተሰቡም ተበዳይም ተጠቃሚም ሊሆን ይችላል። አባቷ በታሰረ ማግሥት ትምህርት ቤት የምትሄድ የ15 ዓመት ልጅ ምን ብላ ክፍል ትገባለች? ማንን ታምናለች? ይህችን ልጅ ጻፉልኝ።

ወደ እናንተ ከተማ ልምጣ። ካሜራ ይዛችሁ ታቦር ተራራ ላይ ብትወጡ በአንድ ዕይታ ሐይቁን፣ አሞራ ገደልን፣ የሚሰፋውን ከተማ ታገኛላችሁ። ሐዋሳ በ2012 የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከገጠር አምጥቷል፤ ከተማ ሲሰፋ ደግሞ በየትኛውም የአገራችን ከተማ መጀመሪያ የሚነካው የገበሬው ጓሮ ነው። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በከተማ በሊዝ ይሰጣል። ስለዚህ ትናንት የበቆሎ ማሳ የነበረውን ነገ የሕንፃ ቦታ የሚያደርገው አንድ ፊርማና አንድ ካርታ ነው። ቢሮና ቤት እንደ መሬት የሚገናኙበት ቦታ የለም። ውርስም ነው፣ ካሳም ነው፣ የአያት መቃብርም ነው።

እስኪ አንድ ታሪክ አብረን እናስብ፤ ከተማውም ሰዎቹም ምናባዊ ናቸው። አንድ ገበሬ ልጁን አስተምሮ ማዘጋጃ ቤት አስገባው። ሰፈሩ ኮራበት። ልጁ መሬት ክፍል ይሠራል። አንድ ቀን የአጎቱ ይዞታ ከካርታ ላይ ጠቦ ይወጣል፤ ትርፉ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል። ስሙ የእናቱ ነው። እናትየው ማንበብ አትችልም፤ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ሲላት በአውራ ጣቷ ፈርማለች። ካሳው ሲከፈል አባት አዲስ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ እህት ትዳራለች። አጎቱ ይከሳል። ወንድማማቾቹ በአንድ ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን መቀመጥ ያቆማሉ። ልጁ ምስጢሩን ቢያወጣ የምትከሰሰው እናቱ ናት። ባያወጣ የሚጠፋው አጎቱ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ እንዲህ እንዲያደርግ ያዘዘው አለቃ አለ፤ አለቃው ሊሻር ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ አዲሶቹም ሰዎች ምስጢሩን የሚፈልጉት ለፍትሕ ይሁን ለበቀል አይታወቅም።

ይህ ፊልም በተኩስ አያልቅም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ (ሸንጎ) ላይ ሲቀመጡ «አፊኒ?»፣ ሰምታችኋል ወይ፣ ተባብለው ነው ነገር የሚከፍቱት፤ ሁሉም መስማቱ ይረጋገጣል፤ የሚፈለገውም ሃላሌ፣ እውነቱ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጁ፣ እናቱና አጎቱ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ ሽማግሌው ሰምታችኋል ወይ ሲል፣ እናትየው በአውራ ጣቷ የፈረመችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ፤ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ምን አለ? ሆሊውድ ይህ ትዕይንት የለውም። እናንተ ግን በእግር መንገድ ርቀት ላይ አላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምስክሩን። የእኛ ፊልሞች ምስጢር እንዲወጣ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ወይም ጋዜጠኛ ይልካሉ። በእኛ ቤት ግን ሁሉን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሾፌሩና የቤት ሠራተኛዋ። ሾፌሩ በመስታወቱ ያያል፤ ማን ገባ፣ ማን ወረደ፣ የትኛው ፌስታል ከየትኛው ግቢ ወጣ። ሠራተኛዋ ቡና ስታፈላ ንግግሩ አይቋረጥም፤ የለችም ተብላ ነውና የምትታሰበው። አልጋ ስታነጥፍ ፍራሹ ሥር ያለውን ታገኛለች። ማንም ስለማይጠይቃት ማንም አይጠረጥራትም። ከገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ የአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ቤት ምስጢር ብቸኛ ምስክር ብትሆን፣ ደመወዟ ቤተሰቧን የሚያኖር ቢሆን፣ ምን ታደርጋለች? የእሷን ዓይን ብትከተሉ ቢሮውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታሳዩ ሙስናን ከሥሩ ታሳያላችሁ።

አሁን ቃል የገባሁላችሁ የሥራ ነገር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት አለው ይላል፤ ስለዚህ ዝግ ካልተባለ በቀር ችሎት ለእናንተም ክፍት ነው። ሂዱና ቁጭ በሉ። የመሬት፣ የውርስ፣ የካሳ ክርክሮችን አዳምጡ። ዳኛው ከተናገረው በላይ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን እዩ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች እናት፣ ከወንድሙ ዓይን የሚሸሽ ወንድም። ስም አትቅዱ፤ የእውነተኛ ሰዎችን ቤት አታፍርሱ። አሠራሩን ቅዱ፤ ማን ይፈርማል፣ ማን ያጸድቃል፣ ወረቀቱ ስንት ጠረጴዛ ያልፋል፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ለምን። የዚህ ዓይነት ፊልም የሚወድቀው ዝርዝሩ ውሸት ሲሆን ነው። ማዘጋጃ ቤት የሠራ ሰው አይቶ «እንዲህ አይደለም የሚደረገው» ካለ ታሪካችሁ አለቀ።

ገንዘብ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። ይህ ፊልም ሄሊኮፕተር አይፈልግም። አንድ ቤት፣ አንድ መሶብ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ካርታ ይበቃዋል። የሚፈልገው ጥሩ ጽሑፍና ደፋር ተዋንያን ነው። አስቀድማችሁ የእራቱን ትዕይንት ጻፉ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም፤ ትንሹ ልጅ ብቻ ይጠይቃል። ያንን ትዕይንት በትክክል ከጻፋችሁት የቀረው ፊልም ከሱ ይወጣል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ። ፍርድ ቤት ወይም ማዘጋጃ ቤት የሠራችሁ ካላችሁ ከእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል፤ እነዚህ ወጣቶች የሚያስፈልጋቸውን ዝርዝር የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።